መድፈኛው በፎገራ ሜዳ፦ በወረታ የኳስ ደጋፊ ላይ የተደረገ ጥናት

ወረታ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ ከባሕር ዳር 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ወልድያ የሚታጠፈው መንገድ ከሚገነጠልበት ቦታ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ስለ እርሷና ስለ ዙሪያዋ የተጻፈው ቀላል አይደለም። ስለ ሩዙ ተጽፏል። ስለ ፎገራ ላም ወተት ተጽፏል። ርብና ጉማራ ክረምት በገባ ቁጥር ሞልተው ስለሚያደርሱት ጥፋት ተጽፏል። በሸሸርና በወላላ ረግረግ ስለሚያርፉት ወፎች ሳይቀር ባሕር ማዶ ያሉ ሰዎች መጥተው፣ በመነጽር አይተው፣ ቆጥረው ሄደዋል። ቅዳሜ ከቀኑ 11 ሰዓት ሲሆን ከየሰፈሩና ከየገጠር ቀበሌው ወደ አንድ ቆርቆሮ ቤት የሚተምመውን ሰው ግን እስካሁን የቆጠረው የለም።

ይህ ጥናት ክፍተቱን ለመሙላት የቀረበ ነው። የጥናቱ ተተኳሪ የእንግሊዝ ክለብ የሚደግፍ የወረታ ሰው ሲሆን፣ ከዚያም ውስጥ የአርሴናሉ ተመርጧል። የማንቸስተር ዩናይትድ፣ የቼልሲና የሊቨርፑል ደጋፊ በአካባቢው ሞልቷል፤ ሲቲም አልፎ አልፎ መታየት ጀምሯል። አርሴናሉ የተመረጠው ለምርምር ስለሚመች ነው፤ ክለቡ አንድም ጨዋታ ሳይሸነፍ የሊጉን ዋንጫ ካነሣበት ከ1996 ዓ.ም. ወዲህ ሁኔታው ብዙም ስላልተለዋወጠ የዘንድሮውን መረጃ ከአምናው ጋር ማመሳከር አያስቸግርም። ጥናቱ እስከ 2017 ዓ.ም. መጨረሻ ያለውን ብቻ ይሸፍናል። መረጃው የተሰበሰበው በምልከታና በቃለ መጠይቅ ነው። ተጠያቂዎቹ የተለዩት በአመቺ ንሞና ዘዴ ሲሆን፣ ይኸውም አጥኚው በተቀመጠበት አግዳሚና ከፊቱ ባለው ላይ የነበሩት ማለት ነው። ከኋላ የነበሩት «ራስህን ዝቅ አድርግ» ከማለት በቀር ለመተባበር ፈቃደኛ አልሆኑም። የቡድን ተኮር ውይይትም ተሞክሮ ነበር፤ በእረፍት ሰዓት ተጀምሮ የሪጎሬ ነገር ሲነሣ ተበትኗል።

በመጀመሪያ ተተኳሪው ስለሚገኝበት ቤት። ዲኤስቲቪ ቤት ይባላል። ግድግዳው ቆርቆሮ ነው፤ መስኮት የነበረው ቀዳዳ ብርሃን ስክሪኑን እንዳያደበዝዘው በማዳበሪያ ጆንያ ተጋርዷል። አግዳሚዎቹ የባሕር ዛፍ ጣውላ ናቸው። በክረምት ከየጫማው የሚራገፈው ዋልካ አፈር እዚያው ደርቆ ስለሚቀር ወለሉ ከዓመት ዓመት ከፍ እያለ መጥቷል፤ የኋላ ተቀማጮች ዛሬ ጎል ሲገባ ብድግ ካሉ አናታቸው ማገር ይነካል። በሩ ላይ ጥቁር ሰሌዳ ቆሟል፤ የዕለቱ ጨዋታ በጠመኔ ይጻፍበታል። የአርሴናል ስም ሁልጊዜ በትልቁና ተስተካክሎ ይጻፋል። ብራይተን ግን እስካሁን ሁለት ጊዜ በአንድ ዓይነት ፊደል ተጽፎ አልታየም።

የቤቱ ባለቤት ገለልተኛ ነው። ማንን እንደሚደግፍ ሲጠየቅ «እኔ ቢዝነስ ነኝ» ይላል። ሪሞቱ በፌስታል ተጠቅልሎ ኪሱ ውስጥ ይውላል፤ ሁለት ጨዋታ በአንድ ሰዓት ከዋለም የትኛው እንደሚታይ የሚወስነው የሰው ብዛት ነው ብሎ በይፋ አሳውቋል። ይሁን እንጂ በምልከታ ወቅት መብራት በጠፋ ጊዜ የጄኔሬተሩ ነዳጅ አርሴናል ሲጫወት እንደሚያልቅ፣ ሊቨርፑል ሲጫወት ግን እንደማያልቅ ተስተውሏል። አጥኚው ከዚህ ምንም ድምዳሜ ላይ አልደረሰም። ተተኳሪዎቹ ደርሰዋል።

የዘመን አቆጣጠሩም ለብቻው ሊታይ ይገባዋል። ሊጉ የሚጀመረው በነሐሴ፣ ብዙ ጊዜ ፍልሰታ ሳይፈታ ነው። ሩዙ በዚያን ጊዜ ውሃ ውስጥ ቆሞ አራሚ ይጠብቃል፤ ተተኳሪው ደግሞ አጥቂ ይጠብቃል፤ የዝውውር መስኮቱ ነሐሴ ሊያልቅ ሲል እስኪዘጋ ድረስ ሁለቱም በተስፋ ናቸው። ጥቅምት ሲጋመስ እንግሊዞች ሰዓታቸውን በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይመልሳሉ። የአገሩ ገበሬ ሊያውቀው የሚገባ ነገር አይደለም። ሆኖም በፎገራ ሜዳ ላይ ከብት የሚያግድ፣ ሰዓት አስሮ የማያውቅ ልጅ ለጓደኛው «ከዛሬ ጀምሮ 12 ሰዓት ሆኗል፤ ለንደኖች ቀይረውታል» ሲል ተሰምቷል። የማታው ቻምፒዮንስ ሊግም ከ4 ሰዓት ወደ 5 ይገፋል። ላሟ ግን የምታውቀው የራሷን ሰዓት ብቻ ስለሆነ፣ ከጥቅምት አጋማሽ እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ የቅዳሜ ማታ አለባና የጨዋታው መጀመሪያ ይጋጫሉ። የፎገራ ላም በወተቷ የታወቀች ናት፤ አርሴናል ጎል ሲቆጠርበት የምትታለበው ላምና ጎል ሳይቆጠርበት የምትታለበው ላም በሚሰጡት ወተት መካከል ያለው ልዩነት ወደፊት ቢለካ ጠቃሚ ይሆናል።

ከወሮቹ ሁሉ ክፉው ሚያዝያ ነው። በዚህ ላይ ተጠያቂዎቹ በሙሉ ድምፅ ተስማምተዋል፤ የ2015ቱን ሚያዝያ ሳያነሡ ያለፈም የለም። አርሴናል በዚያ ዓመት ለወራት ሰንጠረዡን ሲመራ ከርሟል። ሚያዝያ 1 ሆሳዕና ነበር። ሊቨርፑልን በሜዳው 2 ለ 0 መራው፤ 2 ለ 2 ወጣ። በሕማማቱ ሳምንት ስለዚህ ጉዳይ ብዙም አልተወራም፤ ስግደት ነበር። ሚያዝያ 8 ፋሲካ ሆነ። ሃምሳ አምስት ቀን የጾመ ሰው፣ ሌሊቱን ቤተ ክርስቲያን ያደረ፣ በዶሮ ወጥ የፈሰከ፣ ጠላውን የጠጣ፣ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ላይ አዲስ ሸሚዙን ለብሶ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። አርሴናል በዌስትሃም ላይ ገና በ10 ደቂቃ ውስጥ ሁለት አገባ። ቤቱ ውስጥ የነበረው ደስታ ለሁለት በዓል የሚበቃ ነበር። ከዚያ ዌስትሃም በሪጎሬ አንድ መለሰ። ከእረፍት በኋላ አርሴናልም ሪጎሬ አገኘ፤ ሳካ ወደ ውጭ ላከው። ሁለት ደቂቃ ያህል ቆይቶ አቻ ሆነ። 2 ለ 2። አንድ ተጠያቂ ያንን ቀን ሲያስታውስ «ጾሙን የፈታሁ አልመሰለኝም» ብሏል። ከዚያ በኋላ ከሳውዝሃምፕተን 3 ለ 3፣ ቀጥሎ በሲቲ 4 ለ 1። ሚያዝያ 18 ላይ ነገሩ አለቀ። በዚያ ዓመት ሁለተኛ ወጣ፤ በ2016 ሁለተኛ ወጣ፤ በ2017ም ሁለተኛ ወጣ። እንዲህ ዓይነት የማይዋዥቅ ምርት በሜዳው ላይ ከሩዝ በቀር አልተመዘገበም።

ተተኳሪው ለምን ይህን ክለብ መረጠ? ቀደም ሲል የሚሰጠው መልስ «በአሠልጣኙ በዌንገር ጊዜ ኳስ በመሬት ስለሚጫወት» የሚል ነበር። አጥኚው ግን ጉዳዩ ከዚያ የጠለቀ ሥር አለው ብሎ ያምናል። ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦር መንገድ የሄደ ሰው 50 ኪሎ ሜትር እንኳ ሳይሞላ ጋፋት አጠገብ ይደርሳል። ዐፄ ቴዎድሮስ አውሮጳውያኑን አስቀምጠው መድፍ ያስቀለጡት እዚያ ነው፤ 7 ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል ከዚያ ወጥቶ እየተጎተተ መቅደላ ድረስ ሄዷል። ይህ እስከ 1860 ዓ.ም. የነበረ ነው። የለንደኑ ክለብ የተመሠረተው ደግሞ በ1879 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1886) ዉሊች በሚገኘው የመንግሥት የመሣሪያ ፋብሪካ ሠራተኞች ነው፤ «መድፈኞቹ» የተባሉትም በዚሁ ነው። ስለዚህ በደቡብ ጎንደር መድፍ ሲቀልጥ አርሴናል ገና 20 ዓመት ገደማ ይቀረው ነበር። የመጀመሪያዎቹ መድፈኞች የማን አገር ሰዎች እንደሆኑ አንባቢ ይፍረድ።

በዚህ መላምት ላይ አንድ እንቅፋት እንዳለ አጥኚው አይሸሽግም። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ወደ መቅደላ ሲዘምት በበቅሎ ካስጫናቸው መድፎች መካከል እዚያው ዉሊች የተሠሩ ቀላል የተራራ መድፎች ነበሩበት። በሌላ አነጋገር ክለቡን የመሠረቱት ሰዎች የሚሠሩበት ግቢ መድፉን ቀድሞ የሞከረው በእኛው ላይ ነው። ይህ ለተተኳሪው በዝርዝር ተነግሮታል። በአጠገቡ የተቀመጡ፣ ለዝናብ ተጠልለው የገቡ አንድ አዛውንት ነገሩን ሰምተው ኖሮ ዘወር አሉና፦

«ለቴዎድሮስ ጠላት ነው እንዴ የምታጨበጭበው አንተ?» አሉት።

«አባባ፣ ያኔ እኮ ዌንገር አልመጣም ነበር።»

«መጥቶስ ምን አደረገ?»

«ሦስት ጊዜ የሊጉን ዋንጫ አመጣልን።»

«ከዚያስ?»

ተተኳሪው ወደ ስክሪኑ ተመለሰ። አዛውንቱ ዝናቡ ካባራ በኋላም እስከ 90ኛው ደቂቃ ሳይወጡ ቆይተዋል። ለማሟያ ያህል፣ ከመቅደላ ከተዘረፈው ንብረት የወርቅ ዘውድና የወርቅ ጽዋ ዛሬ ለንደን ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ውስጥ እንደሚገኙ ለሌላ ተጠያቂ ተነግሮት ነበር። ጥቂት አሰበና «እንግዲያው ለንደን ውስጥ ዋንጫ አለን ማለት ነው፤ የጎደለን ማንሣቱ ነው» አለ።

ሁለተኛው መላምት ከሩዙ ይነሣል። ሩዝ ወደ ፎገራ ሜዳ የገባው በደርግ ዘመን፣ ከሰሜን ኮሪያ በመጡ ባለሙያዎች፣ በሻጋና በጅግና የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ውስጥ ተሞክሮ ነው፤ ገበሬው ለረጅም ጊዜ ሲዘራው የኖረው ኤክስ ጅግና የተባለው ዘርም ስሙን ያገኘው ከዚያው ነው። የሰሜን ኮሪያ ስም በኳስ ታሪክ ውስጥ የሚነሣበት ቦታ እንዳለ የሚያስታውስ ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 የዓለም ዋንጫ፣ በዚያው በእንግሊዝ አገር፣ ጣሊያንን 1 ለ 0 አሸንፈው ዓለምን አስገረሙ። በሩብ ፍጻሜው ፖርቱጋልን ገና በመጀመሪያው አጋማሽ 3 ለ 0 መሩ። ከዚያ ዩዜቢዮ ብቻውን አራት አገባባቸውና 5 ለ 3 ተሸነፉ። መርቶ መበላት ከዘሩ ጋር አብሮ የገባ ነው ለማለት የሚያበቃ ማስረጃ ገና አልተገኘም። ነገር ግን በጥር 2003 ዓ.ም. አርሴናል ኒውካስልን 4 ለ 0 መርቶ 4 ለ 4 ሲወጣ በለንደን እንደ ተአምር ተወራ፤ ወረታ ላይ የሆነው ግን አንድ ሰው «ይኸው» ማለቱ ብቻ ነው።

ከሩዙ የሚገኘው ዋና ትምህርት ሌላ ነው። ሩዝ እንግዳ ሆኖ ገባ። መጀመሪያ ምን እንደሚደረግ እንኳ በወጉ አልታወቀም ነበር። ዛሬ ከጤፍ ጋር ተቀላቅሎ እንጀራ ይሆናል፤ ጠላ ይጠመቅበታል፤ አረቄ ይወጣበታል፤ ገለባው ለከብት ነው፤ የከተማዋ ወጣት በመፈልፈያ ቤቶቿ እያደረ ይኖርበታል። አገርህ የት ነው ብሎ የጠየቀው የለም። ክለቡም እንዲሁ ነው። የጥናቱ ዋና ግኝት አርሴናል የወረታ ተቋም መሆኑ ነው፤ ለንደን የምታቀርብለት ውጤቱን ብቻ ነው። የቀረው ሁሉ፣ ቂሙም፣ ብድሩም፣ የመቀመጫ ተራውም፣ ስድቡም፣ እርቁም እዚሁ ይመረታል። አባል ሲያዝን የሚሆነውን ማየት ይበቃል። አንድ አርሴናል አባቱ ቢሞት ድንኳን የሚተክሉት፣ ውሃ የሚያመላልሱት፣ ሌሊት ለቅሶ ቤት የሚያድሩት የዩናይትድ ልጆች ናቸው። ሦስት ቀን ስለ ኳስ አይነሣም፤ ሳልስት እስኪወጣ ዩናይትድ ቢያሸንፍም ዝም ይባላል። በአራተኛው ቀን ጠዋት ባጃጅ መቆሚያው ላይ «እግዚአብሔር ያጥናህ» ብሎ እጁን የጨበጠው ሰው፣ እጁን ሳይለቅ ነሐሴ 22 ቀን 2003 ዓ.ም. ዩናይትድ አርሴናልን ያሸነፈበትን 8 ለ 2 ያነሣለታል። የዩናይትድ ደጋፊ ክለቡ በ2017 ዓ.ም. 15ኛ የወጣ ቢሆንም ይህ መብቱ እንዳልተነካ ይቆጥራል።

«ለምን የአገሩን ክለብ አይደግፍም?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ይደግፋል። ችግሩ የትኛውን የሚለው ላይ ነው። ወረታ በመንግሥት መዋቅር ደቡብ ጎንደር ናት፤ በዚህ መሠረት ፋሲል ከነማ የእርሷ ነው፤ አፄዎቹ በ2013 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ሲያነሡም ከተማዋ በክላክስ ስትናጥ አምሽታለች። በሚኒባስ ግን ወረታ ለባሕር ዳር ትቀርባለች፤ ጎንደር እጥፍ መንገድ ነው። ባሕር ዳር ከነማ የጣና ሞገድ ነው የሚባለው፤ ጣናን ከሚሞሉት ወንዞች ሁለቱ ደግሞ ርብና ጉማራ ናቸው። ማሳውን በየክረምቱ አጥለቅልቀው የሚሄዱት እነርሱ ስለሆኑ፣ ሞገዱ ከፊል የፎገራ ንብረት ነው የሚል ክርክር አለ። በአስተዳደር ጎንደር፣ በውሃ ባሕር ዳር። ሁለቱ ሲጋጠሙ ተተኳሪው ምን እንደሚያደርግ አጥኚው ተከታትሏል፤ ማሊያ ሳይለብስ ይመጣል፤ አቻ ሲወጡ ደስ ብሎት ይሄዳል። ደግሞም ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ሊጉ በተመረጡ ከተሞች እየተዘዋወረ ስለሚካሄድ፣ የጎንደርና የባሕር ዳር ክለቦች አዳማ ወይም ሐዋሳ ወይም ድሬዳዋ ላይ ተገናኝተው ሲጫወቱ የሚያያቸው በዚያው ቆርቆሮ ቤት፣ በዚያው ዲሽ ነው። ብሔራዊ ቡድኑም የሜዳውን ጨዋታ በሰው አገር ማድረግ ከጀመረ ቆይቷል። ባሕር ዳርም፣ ጎንደርም፣ ለንደንም ከአግዳሚው ያላቸው ርቀት እኩል ሆኗል፤ ሁሉም ስክሪኑ ያለበት ግድግዳ ጋ ናቸው።

መብራት ሲጠፋ ግን ይለያያሉ። አጥኚው በአካል የተገኘበትን አንድ ማታ እዚህ ማስፈር ተገቢ ነው። ጨዋታው 1 ለ 1 ነበር፤ 88ኛው ደቂቃ ላይ ኮርና ሊመታ ኳሱ ተቀመጠ፤ ጨለመ። ነዳጅ የለም። የስልክ ኢንተርኔትም አብሮ ሄደ። አንዱ ባጃጅ ነጂ ስልኩ ገና ድምፅ ስለሚሠራለት ባሕር ዳር ያለችው ታላቅ እህቱ ጋ ደወለ፤ ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አደረገው። ሰባ ሰው በጨለማ ትንፋሹን ይዟል።

«እትዬ፣ እንደምን አመሸሽ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ምነው በደህና? እምዬ ደህና ናት?»

«ደህና ናት። እግሯን አሟት ነበር፤ አሁን ተሽሏታል።»

«ተመስገን። ላሟስ?»

«ወለደች።»

«እሰይ! ምን?»

«ወንድ።»

«ይሁን፤ ያሳድግላችሁ። ሽንኩርቱን ሸጣችሁት?»

«ዋጋው ወርዷል፤ ትንሽ እንጠብቅ ብለን ነው።»

«አትጠብቁ፤ እንዳይበሰብስ። ዝናቡስ?»

በዚህ ጊዜ ከኋላ አንድ ሰው በሹክሹክታ «ጠይቃት» አለ፤ ሌላው «ዝም በል፤ ነውር ነው» ሲል ገሠጸው። ልጁ ስለ ዝናቡ መለሰ፤ ስለ አክስቱ ልጅ ትምህርት መለሰ፤ ስለ ማኅበሩ ድግስ መለሰ። በመጨረሻ መንገዱ ሲከፈትለት ድምፁን አለስልሶ፦

«ጋሼስ ደህና ነው?» ሲል የባሏን ጤንነት ጠየቀ።

«ውይ፣ እሱንማ ተወው። አሁን ቴሌቪዥኑን አጠፋና እራቱንም ሳይበላ ገብቶ ተኛ።»

ቆሞ የነበረው ሁሉ ቁጭ አለ። ጋሼ አርሴናል ነው። ከፊት ያለ አንድ ሰው «ስንት ለስንት እንደሆነ ጠይቃት» ቢል፣ ባጃጅ ነጂው «ይበቃል» ብሎ እህቱን ደህና እደሪ አላት።

የውርርዱን ነገር በአጭሩ ማለፍ ይሻላል፤ ተጠያቂዎቹም በአጭሩ ነው ያለፉት። ቲኬት የሚቆርጠው ተተኳሪ በገንዘቡ ተቃራኒውን ቡድን ይይዛል፤ በልቡ ደግሞ አርሴናልን። አርሴናል ካሸነፈ ደስታ ያገኛል፤ ከተሸነፈ ብር ያገኛል። በንድፈ ሐሳብ ደረጃ የማይሸነፍ ሰው ነው። በተግባር አቻ ይወጣል።

ትዳር ላይ የታየው ግን ሰፋ ያለ ነው። ጥር የሠርግ ወር ነው፤ የጥር ዝውውር መስኮት የሚዘጋውም ወሩ ሊያልቅ ሲል ነው፤ ሁለቱም ዘንድ ደላላ፣ ድርድርና በመጨረሻው ሰዓት የሚፈርስ ነገር አለ። ሽማግሌዎች ከልጅቱ አባት ዘንድ ቀርበው የልጁን ጠባይ፣ ዘሩን፣ መሬቱን፣ የመፈልፈያ ማሽን ድርሻውን ከዘረዘሩ በኋላ አባትየው ጥቂት ዝም ብለው «ቅዳሜ ቅዳሜ የት ነው የሚውለው?» ብለው መጠየቃቸው አሁን አሁን እየተለመደ መጥቷል። ይህን ጥያቄ ያዘጋጁት የልጅቱ እናት እንደሆኑ ይታመናል። ሽማግሌው «አርሴናል ነው» ብለው እውነቱን ሲናገሩ የሚገኘው መልስ ከሚጠበቀው የተለየ ነው። አንድ አባት «ይሁን፤ ከዚህ በፊት የመጣው ዩናይትድ ነበር፤ ይኼኛው መከራ ለምዷል፤ ትዳር ይችላል» ብለው ልጃቸውን ፈቅደዋል።

አሁን በእጅ ያለው ጉዳይ የኅዳር አጨዳ ነው። ሩዝ ከደረሰ በኋላ ማሳ ላይ ከቆየ ፍሬው ይራገፋል፤ ስለዚህ ወንፈል ተጠርቶ፣ ማጭድ ተስሎ፣ በተራ በተራ የየሰዉ ማሳ መታጨድ አለበት። በአንድ ቀበሌ የወንፈሉ አባላት ተሰብስበው ቅዳሜ አጨዳው 9 ሰዓት ላይ እንዲቆም ሐሳብ ቀረበ፤ ታጥቦ፣ ልብስ ቀይሮ፣ ከተማ ለመግባት ከዚያ ያነሰ ጊዜ አይበቃም። አርሴናሎቹ ደገፉት። የቼልሲዎቹ ተወካይ የእነርሱ ጨዋታ እሑድ እንደሆነ፣ ቅዳሜ እስከ ማታ ማጨድ እንደሚችሉ፣ የሰው ጨዋታ ለማክበር የራሳቸው ሩዝ የሚራገፍበት ምክንያት እንደማይታያቸው አስረዱ። እሑድ ደግሞ ሰንበት ነው፤ አይታጨድም፤ ስለዚህ ቼልሲ በእሑድ ጨዋታው ሁለት ጊዜ ተጠቅሟል የሚል ተቃውሞ ተነሣ። አንዲት የማሳ ባለቤት የሆኑ እናት «እኔ ማንንም አልደግፍም፤ የእኔን መቼ ነው የምታጭዱት?» ብለው ጠየቁ፤ ጥያቄያቸው በቃለ ጉባኤ ተይዟል። ወረታ የሚገኘው ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ለብዙ ነገር የሚሆን ዘር ሲያወጣ የኖረ ስለሆነ፣ ቀድሞ ደርሶ ከጥቅምት ሰዓት ቅየራ በፊት የሚታጨድ ዝርያ እንዲያስብበት ከስብሰባው ሐሳብ ቀርቧል። ስለ ዘንድሮው አጨዳ ግን ስምምነት አልተገኘም። ሊቀ መንበሩ ሩዙ ቆሞ ስለሆነ ነገሩ እንዳይጓተት አሳስበው ስብሰባውን ለማክሰኞ ማታ ቀጠሩት፤ ማክሰኞ ማታ ቻምፒዮንስ ሊግ አለ።